ሃያ፣ ደግሞ ሃያ፣ ከዚያ አንዲት

ባለፈው ሳምንት ባናውን፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ውጭ ገመድ ላይ አስጥቼ ረሳሁት። ነገር የምረሳ ሴት አይደለሁም። በር ስቆልፍ ሦስት ጊዜ እጀታውን እነቀንቃለሁ፤ ልጅ ካስነጠሰ ግንባሩን ሳልዳስስ አላልፍም። የዚያን ቀን ግን ረሳሁትና ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። ሳስገባው ውሃ ጠጥቶ ተሸክሜው መራመድ አቃተኝ። ትንሿ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ፣

«እማዬ፣ ቤቱ በሙሉ በግ በግ ሸተተ! ይሄን አሮጌ ነገር አትጥዪውም?» አለችኝ።

እኔ ግን ፊቴን ቀበርኩበት። እርጥብ የበግ ጠጉር ለእኔ የሚሸተኝ በግ በግ አይደለም። አንድ ክረምት ነው የሚሸተኝ። ሰባት ዓመት ይሁን ስምንት በውል የማላውቀው ዕድሜ ላይ ሆኜ፣ መንዝ ውስጥ ከሞላሌ ገበያ ማዶ በነበረችው መንደራችን እናቴን ስጠብቅ የከረምኩበት ክረምት። ልጆቼ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ባዩ ቁጥር «ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይሉኛል። መልሱ እዚያ ክረምት ውስጥ ስላለ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤት ቤት ሂጂና ዋዪ ተባልኩ። ስመለስ እናቴ መደብ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አባቴ በጋቢው ሥር የሆነ ነገር አቅፎ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። በዚያ ሰሞን ብርዱ ግልገሎችን ይፈጅ ስለነበር፣ የሞተ ግልገል በጋቢው ሥር ይዞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀንም ግልገል መሰለኝ። ጎረቤታችን መቆፈሪያ ይዞ ለምን እንደተከተለው ግን አልገባኝም። የሞተ ግልገል ለውሻ ነበር የሚጣለው እንጂ አይቀበርም።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ መናገር ተወች። ምግብ ሲቀርብላት አንድ ጊዜ ትጎርስና እጇን ትሰበስባለች። ሴቶች እየመጡ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። የዚያ ሁሉ ምክንያት እኔ እንደሆንኩ ገመትኩ። ምክንያቱም ከዚያች ጠዋት በፊት በነበረው ቀን የውሃ መቅጃውን ቅል ሰብሬባት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሆዷን ደግፋ «ምንም አይደል፣ ተዪው» ብቻ አለችኝ። ያላወጣችው ቁጣ ውስጧ ቀርቶ ያመማት መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐምሌ እንደገባ አባቴና የእናቴ ታናሽ እህት በበቅሎ ጭነው ወደ ጸበል ወሰዷት። ጸበሉ ከአፋፉ ቁልቁል ወርዶ፣ ቆላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ የሚፈስ የኪዳነ ምሕረት ጸበል ነው። ጠዋት የወጣ ሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይደርሳል። አክስቴ ልታስታምማት እዚያው ቀረች። አባቴ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ በየሳምንቱም በሶ ተሸክሞ ይወርድላቸው ነበር። እኔን ለእማሆይ ሰጠኝ።

እማሆይ ወለተ ሐና የአባቴ አክስት ናቸው። ባላቸው ከሞተ በኋላ መንኩሰው፣ በግቢያችን ጥግ በምትገኝ ጣሪያዋ የጓሳ ሣር በሆነች ትንሽ የድንጋይ ቤት ይኖሩ ነበር። አጭር ናቸው፤ ቆባቸው ከዘመን ብዛት የሻይ መልክ ይዟል። ዐይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅና በእግር ኮቴ ነው። እጃቸው ግን አይደክምም። ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በእንዝርት የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ከንፈራቸውም ከእንዝርቱ ጋር አብሮ ይሠራል። በመሃል ዶሮ ከገባችባቸው ጸሎቱን ሳያቋርጡ በሚመስል ቃና፣

«ውጪልኝ አንቺ ጾም የማታውቂ!» ይላሉ፤ ይቀጥላሉም።

የእኔ ሥራ ከጠጉሩ ውስጥ እሾህና ጭጎጎት መልቀም ነበር። ለእናቴ አዲስ ባና ሊሠራላት ነው፤ ክሩን እማሆይ ይፈትላሉ፣ አባቴ ለሸማኔ ይሰጣል። በዝናቡ ምክንያት ጠጉሩ መቼም አይደርቅም። ጣቴ፣ ቀሚሴ፣ የምበላው ሳይቀር እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይለኝ ነበር።

እየለቀምኩ በየቀኑ እጠይቃለሁ። «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?»

አባቴን ስጠይቀው «ትመጣለች» ይለኛል፤ ዐይኔን ግን አያየኝም። ጎረቤቶቻችን «ነገ ትመጣለች» ይሉኛል፤ ነገው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ ይሰጡኛል። እማሆይ ግን ከሁሉም ይለያሉ። «ያን ነጩን ለቅመሽ ጨርሺ» ነው የሚሉኝ። ይህ በጣም ያናድደኝ ነበር። አይወዷትም ማለት ነው እል ነበር በሆዴ።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በፊት ፀሐይ ብልጭ አለች። እማሆይ ከእንዝርታቸው ላይ ጥቁር ክር በክንዳቸው ለክተው ቆረጡና አጥፈው ሰጡኝ።

«ዘንድሮ ትጾሚያለሽ?»

«እጾማለሁ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ቅዳሴ እስኪወጣ! እንደ ትልቅ ሰው!»

«እንግዲያው መቁጠሪያ ያስፈልግሻል። እኔ ዐይኔ አያይም፤ አንቺ ራስሽ ቋጥሪ። እስከ ስንት መቁጠር ትችያለሽ?»

«እስከ ሃያ።»

«በቃ፣ ሃያ ትቋጥሪያለሽ። ደግሞ ሃያ ትቋጥሪያለሽ። ከዚያ አንዲት ትጨምሪያለሽ። በእያንዳንዷ ላይ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ትያለሽ፤ አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን ማለት ነው። ጠዋት አንድ ዙር፣ ማታ አንድ ዙር።»

«ለምንድን ነው እንደዚህ የበዛው?»

«ጌታን ሠላሳ ዘጠኝ ገረፉት። አንድ የእሾህ አክሊል ደፉበት። በአንድ ጦር ጎኑን ወጉት። እሱን እያሰብሽ ነው።»

«እንዲህ ካልኩ እማዬ ትድናለች?»

እንዝርቱን አሾሩት። «አንቺ ቋጥሪ፤ የቋጠርሽውን እኔ ባላየው እሱ ያየዋል» አሉኝ።

እሳቸው ሊያጽናኑኝ ነበር ያሉት። እኔ ግን አባቴ የታጨደ ገብስ ሲቆጥር ነዶ እንደሚፈትሸው፣ እግዚአብሔርም ቋጠሮዬን አንድ በአንድ የሚፈትሽ መሰለኝ። ምላሴን በጥርሴ ይዤ ቋጠርኩ። የመጀመሪያዋን ሃያ ጨረስኩ። ሁለተኛዋን ሃያ ጨረስኩ። ይኸኔ ሰማዩ ጠቆረና አባቴ ከበረቱ በኩል፣

«ትርንጎ! ኩበቱ! ኩበቱ ሊበሰብስ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ክሯን መቀነቴ ውስጥ ወትፌ ሮጥኩ። ለማገዶ የተሰጣውን ኩበት በቀሚሴ እየታቀፍኩ ሳስገባ ዝናቡ ደረሰብኝ። ስጨርስ ክሯን አውጥቼ ሁለቱን ጫፎች አሠርኩና ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አጠለቅኋት። ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጾሙ እንደገባ የመንደሩ ልጆች በሙሉ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መዋል ጀመርን። በፍልሰታ ጉሙ ከአፋፉ እየወጣ ግቢውን ይሞላዋል፤ ሱባኤ የገቡት ሰዎች ከየጎጇቸው ሲወጡ መጀመሪያ ሳላቸው ይሰማል፣ ቀጥሎ እነሱ ይታያሉ። እኛ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈን ቅዳሴው እስኪያልቅ እንጠብቃለን፤ በየመሃሉም ምላስ እንመረምራለን። በእውነት የጾመ ልጅ ምላሱ ይነጣል ይባል ነበር። መርማሪያችን የአጎቴ ልጅ ዘነበች ናት። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከቄሱ ዘንድ ፊደል ቆጥራለች፤ ይህንንም እንድንረሳ አትፈቅድም።

«አውጪ!» ትለኛለች። አወጣለሁ። «ማታለሉን ተዪና እስከ ጉሮሮሽ አውጪ! እህ… ገብስ በልተሻል።»

«አልበላሁም!»

«አንቺ ቁርስሽን ሳትጨርሺ ምሳ የምትጠይቂ ሰው፣ ልትጾሚ!»

ግን እጾም ነበር። ጠዋት ከእማሆይ ጎን ቆሜ፣ ማታ ደግሞ እሳት ዳር ተቀምጬ፣ ጥቁሯን ክር በጣቶቼ መሃል እየሳብኩ እግዚኦታዬን እላለሁ። በሐሳቤ ጸሎቴ እንደ ነጋዴ አህዮች ተራ ተሰልፎ ይወጣል። ከአፋፉ ወርዶ እናቴ ዘንድ ይደርስና፣ ከዚያ ወደ ሰማይ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። ሰማይ በር ላይ ኬላ ጠባቂ አለ። ቆጥሮ ያስገባል። በየቀኑ ሲያስገባ ይታየኝ ነበር። ይህን ሳስብ ፍርሃቴ ቀለል ይለኝና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሴው ዘገየ። ዘነበች ምላስ መመርመር ሰለቻትና አንገቴ ላይ ያለችውን ክር ሳበቻት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«መቁጠሪያዬ ናት። ራሴ ነኝ የቋጠርኳት። አርባ አንድ ናት።»

«አንቺ ደግሞ አርባ አንድ የት ታውቂያለሽ? አምጪ።» ጣቷን በምራቋ እያራሰች ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ፊቷ በደስታ በራ። «አርባ ናት!»

«ውሸትሽን ነው!»

«በማርያም! ነይ አብረን እንቁጠር።»

አብረን ቆጠርን። ሃያ፤ ደግሞ ሃያ፤ ከዚያ የክሩ ጫፍ። አንዲቷ የለችም። ያኔ የአባቴ ጩኸት፣ ኩበቱ፣ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ።

ዘነበች ማስላት ትወድ ነበር። «ጠዋትና ማታ ብለሻል አይደል? አሥር ቀን… ሃያ ጎድሎብሻል! ሃያ እግዚኦታ በልተሻል!» አለችና ሳቀች። ልጅ ናትና አልፈርድባትም። ወዲያው ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችና «ኧረ ተዪው፣ አሁን በያቸው» አለችኝ።

እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ሃያውን አልኳቸው። ግን ምን ያደርጋል? አሥሩን ቀን ሙሉ አህዮቼ ኬላው ላይ ቆመው ነው ማለት ነው። አንድ ጎድሏል ተብለው፣ ጭነታቸው ሳይራገፍ፣ በዝናብ። አንዱም አልገባም። ደግሞ የትኛዋን ነው ያስቀረሁት? አክሊሉን ነው? ጦሩን ነው?

ቤት ስደርስ አባቴ ከጸበል ተመልሶ እማሆይ ደጃፍ ላይ ጭቃውን ከእግሩ ሲጠርግ አገኘሁት። አላዩኝም። አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል።

«ያው ናት እማሆይ። እንደውም ቀንሳለች። በሶውን በጥብጣ ስትሰጣት እህቷ፣ አፏን ትዘጋለች። ጸበሉንም ሁለት ሰው ደግፏት ነው የምትገባው።»

«ትናገራለች?»

«አትናገርም። እኔ እንጃ… ለዚች ልጅ ምን እንደምላት እንጃ።»

ያ ሁሉ የሆነው ከእኔ የተነሣ መሆኑ ያኔ ተረጋገጠልኝ። መጀመሪያ ቅሉ፤ አሁን ደግሞ ቋጠሮው። አባቴን ሳልስመው ወደ ቤት ገባሁና ዘዴ አሰብኩ። ጸሎቱን አጉድያለሁ፤ እንግዲያው ጾሙን አበዛለሁ። ከቅዳሴ በኋላም አልበላም።

ሁለት ቀን እንዲህ አደረግሁ። እማሆይ ቆሎና የባቄላ ንፍሮ ሲሰጡኝ ዞር ብዬ የማኘክ ድምፅ አሰማለሁ፤ ዐይናቸው ስለማያይ የሚያምኑኝ መሰለኝ። ምግቡን ግን ገና ያልተፈተለው የጠጉር ክምር ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከምንጭ ውሃ ይዤ ስመጣ፣ ዳገቱ ላይ መሬቱ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ቅሉን አቅፌ ስለወደቅሁ አልተሰበረም፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነበር፣ አልተሰበረም፣ አልተሰበረም።

እየተጎተትኩ እማሆይ ደጃፍ ስደርስ፣ ከክምሩ ጠጉር ዘግነው ሲያባዝቱ እጃቸው ቆመ። የሆነ ነገር በጣታቸው አንስተው አሸተቱት። ጥርሳቸው ላይ አደረጉት። ቀጭ አለ።

«ትርንጎ!»

«አቤት እማሆይ።»

«የዚህ በግ ጠጉር ቆሎ ያበቅላል እንዴ?»

 እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ከተው ንፍሮ አወጡ። ጠጉር የለበሰ ንፍሮ። «ባቄላውም አፍርቷል። ተባርኳል ይህ በግ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ነይ ወዲህ። ቅረቢ።» ፊቴን ዳሰሱት፤ ጉንጬን፣ ከንፈሬን። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ሽታው ያው እርጥብ ጠጉር። «ስንት ቀንሽ ነው?»

ማልቀስ ጀመርኩ። በእንባ መሃል ሁሉንም አወጣሁት። አርባ መሆኗን፣ ሃያው መጉደሉን፣ አህዮቹ ኬላ ላይ መቆማቸውን፣ ቅሉን፣ እናቴ ሳትቆጣኝ መቅረቷን። «እሱ ያየዋል ብለውኝ ነበር» አልኳቸው። «አይቶታል እኮ እማሆይ! አይቶ ነው እማዬን ያልማራት!»

እማሆይ ተነሥተው በሶ በጥብጠው፣ ጨው ነስንሰው፣ ጽዋውን አፌ ላይ አድርገው እስክጨርስ ያዙልኝ። ሰዓቱ ገና ነበር፤ ቅዳሴ አልወጣም። «ጾሙስ?» ስላቸው «ጾሙን እኔ እጠየቅበታለሁ፤ አንቺ ጠጪ» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡና ከአንገታቸው ላይ የራሳቸውን መቁጠሪያ አወለቁ። ከእንጨት ፍሬ የተሠራ ነው፤ ለብዙ ዓመት ጣት ስለነካው እንደ ቅቤ ያብረቀርቃል።

«ቁጠሪልኝ።»

ቆጠርኩ። ሃያ ሞላ። ደግሜ ጀመርኩ። አሥራ ስድስት ላይ አለቀ።

«እማሆይ! ጎድሏል!»

«አውቃለሁ። አንዱ በጠላት ጊዜ ስንሸሽ ገደል ገባ። ሌሎቹንም እንጃ፣ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር በየመንገዱ ቀሩ። ብዙ ዘመን ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አላስጨመሩበትም?»

«አንቺን ስጠብቅ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «የትኛዋን እንዳስቀረሽ ነው የሚያስጨንቅሽ?»

«አክሊሉን ነው ጦሩን ነው? ወይስ ከግርፋቱ ነው?»

«ከግርፋቱ አንዷን ካስቀረሽለት ደግ አደረግሽ። የሚቆጣሽ ይመስልሻል?»

እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። ክሬን ከእጄ ወሰዱና ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። «አሁን ያለ ክር በይ። አንዴ ብቻ። አትቸኩዪ።»

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።»

«እሺ። አሁን የምትፈሪውን ንገሪው።»

«በግእዝ አልችልም።»

«እሱ መንዜም ይሰማል። ንገሪው።»

 ደጁ ላይ ዝናቡ በጓሳው ጫፍ እየተንጠባጠበ ነበር። ከዚያ እንደ ሰው ተናገርኩት። «እማዬ እንዳትሞትብኝ። ፈርቻለሁ። ቅሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አላጠፋችም።»

እማሆይ «አሜን» አሉ። እኔም ያን ሁሉ ሰሞን ስጠይቀው የከረምኩትን ጠየቅኳቸው። «ትመጣለች?»

«አላውቅም ልጄ።»

እስከዛሬ ያን ቃል አልረሳውም። ማንም ትልቅ ሰው አላውቅም ብሎኝ አያውቅም ነበር። መደንገጥ ነበረብኝ፤ ግን አልደነገጥኩም። ሁሉም ትመጣለች ሲለኝ ብቻዬን ነበር የምፈራው። እሳቸው አላውቅም ሲሉኝ ግን ሁለት ሆንን። «እኔም እፈራለሁ» አሉኝ ደግሞ። «ለዚህ ነው የምጸልየው። ፍርሃቱ ሲመጣ ስሙን ጠርተሽ ትቀመጪያለሽ። ፍርሃቱም ይቀመጣል። ግን ብቻሽን አይደለሽም። ስለ እናትሽ ደግሞ ይህን ስሚኝ፤ እናትሽን ቅል አላሳመማትም። ሕፃን ሞቶባት ነው ያዘነችው። ወንድምሽ ነበር።»

ያኔ ነው በጋቢው ሥር የነበረው ግልገል እንዳልነበረ የገባኝ። አላለቀስኩም። «ስም ነበረው?» አልኩ። «አልደረሰም» አሉኝ። ቀሚሳቸው ላይ ተደግፌ ተኛሁ፤ እንዝርታቸው ጆሮዬ ሥር እየዞረ።

ከዚያ በኋላ የጎደለችውን ቋጠሮ ልጨምር ስል እማሆይ ከለከሉኝ። «ተያት፤ እንደዚያው ትሁን» አሉ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። እኔም አርባውን ብዬ ባዶው ክር ላይ ስደርስ የምፈራውን እናገር ጀመር። አንዳንድ ቀን ስለ እናቴ፣ አንዳንድ ቀን ስም ስላልደረሰው ወንድሜ። እንዲያውም አንድ ቀን ዘነበች ተንሸራታ ጭቃ ውስጥ ብትገባ ብዬ ለምኛለሁ፤ በማግስቱ ግን ተጸጽቼ አነሣሁላት።

ፍልሰታ ተፈታ። አባቴ ወርዶ ወጣ፤ ወሬው ያው ነበር። ነሐሴም አለቀ። በጳጉሜን የሩፋኤል ቀን ልጆች ሁሉ ልብሳችንን ጥለን ዝናቡ ውስጥ እንሮጥ ነበር፤ የዚያን ቀን ዝናብ የተባረከ ነው፣ ያሳድጋል ይባላል። ዘነበች እጄን ይዛ እየጎተተችኝ ስንጮህ፣ ስንዘል፣ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የበቅሎ ኮቴ ሰማን። ቀጥሎ አባቴ ልጓም ይዞ ታየ። በቅሎዋ ላይ ባና የተከናነበ ሰው አለ።

ራቁቴን ሮጥኩ። ደርሼ ግን ቆምኩ፤ ፈራሁ። ባናው ተከፈተና ቀጭን እጅ ወጣ።

«ነይ፣ ብርድ ሊገድልሽ ነው» አለችኝ እናቴ።

ድምፅ! አባቴ ብድግ አድርጎ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠኝና ባናውን ለሁለታችን አለበሰን። የአባቴ አሮጌ ባና ነው፤ በዝናብ ርሶ፣ ከብዶ፣ በግ በግ ይሸታል። የጎድን አጥንቷ ጎኔን ይወጋኛል። እስከ ቤት ድረስ እዚያ ውስጥ ሆኜ ሄድኩ፤ ምንም አላየሁም፣ ማሽተት ብቻ።

ድና ነበር የመጣችው ብዬ አልዋሽም። መናገርና መብላት ጀምራ ነበር እንጂ፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ በሆነ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ያን ከሰዓት ግን እሳት ዳር ተቀምጣ በሶ ጠጣች። እማሆይ አጠገቧ ነበሩ።

«ጸሎትስ ታደርሺ ነበር እዚያ?» አሏት።

እናቴ አፈረች። «ምን ጸሎት አለኝ እማሆይ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያደርስ፣ ሲሰግድ፣ እኔ ተኝቼ። ጧት አንዴ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እላለሁ፤ ሁለተኛውን ስጀምር እንባዬ ይመጣና ይቆረጣል። ማታም እንደዚያው አንዴ። ከአንድ አልፎልኝ አያውቅም።»

እኔ ከእቅፏ ብድግ አልኩ። «ጧት አንድ? ማታ አንድ?»

«ምነው?»

ወደ እማሆይ ዞሬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ። «እማሆይ! ሞልቷል! አርባው የእኔ፣ አንዷ የእማዬ! በየቀኑ ሞልቷል! አህዮቹ ገብተዋል!»

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም መቁጠር አልተውሽም?» አሉኝ። ግን እጃቸውን ዘርግተው አንገቴ ላይ ያለችውን ክር ፈለጓት። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያለፉ ሄደው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ ጣታቸው ባዶው ቦታ ላይ ቆመ።  ከዚያ የእናቴን እጅ ጎትተው እዚያች ባዶ ቦታ ላይ አኖሩት።

ክሯ አሁንም አለችኝ፤ እማሆይ በፈተሉት ጠጉር ከተሠራው ባና ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች። ልጆቼ የሚሰሙት የከንፈሬ ድምፅ ይኸው ነው። አንዳቸው ሲዘገይብኝ፣ አንዷን ሲያማት፣ ሃያ፣ ደግሞ ሃያ እላለሁ። ከዚያ አንዲቷ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። የሆነ ቦታ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ፣ ከአንድ በላይ የማይሆንለት ሰው አይጠፋም። ማን እንደሆነ አላውቅም። ቦታውን ግን እለቅለታለሁ።